ለካንሰር የተሠራ ኪኒን ለምን ለፅንስ ይታዘዛል?

ኩልመስክ የምትኖር አንዲት ሴት ልጅ አልወልድ ብላ ሐኪም ዘንድ ሄደች እንበል። ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ ወርዳ፣ ደም ሰጥታ፣ አልትራሳውንድ ታይታ፣ በመጨረሻ አንድ ፓኬት ኪኒን ታዘዘላት። ፓኬቱ ውስጥ የታጠፈችው የእንግሊዝኛ ወረቀት ግን ስለ ልጅ አንዲት ቃል የላትም። መድኃኒቱ ሌትሮዞል እንደሚባልና የጡት ካንሰር ማከሚያ እንደሆነ ትናገራለች። ዝቅ ብሎ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትወስደው ታስጠነቅቃለች።

እናንተ ብትሆኑ ኪኒኑን ትውጡት ነበር?

ብዙ ሰው አይውጠውም። ሐኪሙ ተሳስቷል ብሎ ያስባል፣ ወይም ፈርቶ ይተወዋል። ያ ሁሉ መንገድና ያ ሁሉ ገንዘብ አንዲት ወረቀት ላይ ይቀራል ማለት ነው። ነገሩ ግን ስህተት አይደለም። ሐኪሙ ያዘዘው ዛሬ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ በመጀመሪያ ደረጃ የሚመክረውን መድኃኒት ነው። እንዴት? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ሕመሙን፣ ቀጥሎ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ እንይ።

ስሙ ያሳሳተው ሕመም

ሕመሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል፤ ባጭሩ ፒሲኦኤስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ከ100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት አለባቸው፤ ካለባቸው ውስጥ ደግሞ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት እንዳለባቸው አያውቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይን እና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ሰባት ሴቶችን መርምረው በጻፉት ጽሑፍ ነው።

ስሙ ሲተረጎም «ብዙ የውሃ ከረጢት ያለበት ኦቫሪ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ግራ መጋባቱ የሚጀምረው። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ትንንሽ ጥቁር ክቦች ዕጢም፣ በሽተኛ ከረጢትም አይደሉም። እያንዳንዳቸው ውስጥ አንዲት እንቁላል ያለችባቸው፣ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ ፎሊክሎች ናቸው።

ጤናማ በሆነ ዙር ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፤ በየወሩ ብዙ ፎሊክሎች ሩጫ ይጀምራሉ። ከመሀላቸው አንዱ ይቀድማል። የቀደመው ወደ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያድግ ይፈነዳና እንቁላሉን ይለቃል። ይህ ኦቩሌሽን ይባላል። ፒሲኦኤስ ባለበት ኦቫሪ ውስጥ ግን ሯጮቹ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ሳሉ ይቆማሉ። አሸናፊ የለም። አሸናፊ ከሌለ እንቁላል አይለቀቅም፤ እንቁላል ካልተለቀቀ የወር አበባም ጊዜውን ጠብቆ አይመጣም።

ሐኪም «ፒሲኦኤስ ነው» የሚለው ከሦስት ምልክቶች ሁለቱን ሲያገኝ ነው። አንደኛ፣ የወር አበባ መራራቅ ወይም መቅረት። ሁለተኛ፣ አንድሮጅን የሚባለው ሆርሞን መብዛት፤ ይህ በደም ምርመራ ይታያል፣ ወይም በአገጭና በደረት ላይ በሚበቅል ፀጉርና በማይለቅ ብጉር ይታወቃል። ሦስተኛ፣ በአልትራሳውንድ የሚታዩት የቆሙ ፎሊክሎች። ከዚያ በፊት ግን የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች መመርመር አለባቸው፤ እነሱም ሲዛቡ የወር አበባን ያስቀራሉ። በቂ ምግብ ያላገኘ ሰውነትም እንዲሁ።

ለወጣት አንባቢዎች አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። የወር አበባ ከጀመራችሁ ገና አንድ ሁለት ዓመት ከሆነ ዙሩ መዛነፉ ብቻውን ፒሲኦኤስ ማለት አይደለም። ሰውነት ገና እየተለማመደ ነው። የመጀመሪያው የወር አበባ ከታየ 8 ዓመት ሳይሞላ በአልትራሳውንድ ብቻ ፒሲኦኤስ አለብሽ ማለትም ልክ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ፎሊክል መታየቱ የተለመደ ነውና።

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ

የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ሆርሞን ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የውሃ ታንከር ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን ሮቶ አስቡት። ውስጡ አንዲት ኳስ ትንሳፈፋለች። ውሃው ሲሞላ ኳሷ ከፍ ትልና የሚገባውን ውሃ ትዘጋለች። ውሃው ሲቀንስ ኳሷ ትወርድና ትከፍታለች። ማንም ሰው ሳይነካው ውሃው ራሱን ይቆጣጠራል።

አእምሯችን ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢም እንዲህ ናት። ኤፍኤስኤች የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ትልካለች። ኤፍኤስኤች የፎሊክሎች ምግብ ነው በሉት። ፎሊክሎቹ ሲያድጉ ኢስትሮጅን ያመርታሉ። ኢስትሮጅኑ ከፍ ሲል አእምሮ «በቃ፣ ሞልቷል» ይልና ኤፍኤስኤችን ይቀንሳል። ኢስትሮጅን የታንከሩ ውሃ ነው፤ ኤፍኤስኤች የሚገባው ፍሰት ነው፤ ኳሷ ደግሞ አእምሮ ውስጥ ኢስትሮጅንን የሚለካው ክፍል ናት።

ፍሰቱ መቀነሱ ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ አሸናፊውን የሚለየው እሱ ስለሆነ ነው። ምግቡ ሲያንስ ትንንሾቹ ፎሊክሎች ይከስማሉ፤ የቀደመው ግን ባነሰ ምግብም መኖር ስለሚችል ይቀጥላል። ብዙዎች ጀምረው አንድ ብቻ የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ፒሲኦኤስ ሲኖር ኳሷ መሀል ላይ ትቀራለች። ኢስትሮጅን እንደ ጤናማ ዙር ወርዶ አይነሳም፤ ስለዚህ ኤፍኤስኤችም ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አንዱን ፎሊክል አሳድጎ ለማውጣት አይበቃም። በዚያ ላይ የበዛው አንድሮጅን ፎሊክሎቹን ባሉበት ያስቆማቸዋል። ለፅንስ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሥራቸው ይህችን የተቀረቀረች ኳስ ማንቀሳቀስ ነው።

ሁለት መድኃኒት፣ ሁለት መንገድ

የመጀመሪያው መንገድ ኳሷን መሸፈን ነው። ክሎሚፊን የሚባለው መድኃኒት ይህን ያደርጋል። አእምሮ ውስጥ ኢስትሮጅን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል። ውሃው እዚያው አለ፤ ኳሷ ግን አታየውም። አእምሮ «ታንከሩ ባዶ ነው» ብሎ ኤፍኤስኤችን ይለቃል፣ ፎሊክሎች ያድጋሉ። ክሎሚፊን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን ለአሥርተ ዓመታት ቀዳሚው መድኃኒት ነበር።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ርዝራዡ ለሳምንታት ይቆያል። ኳሷ እንደተሸፈነች ስለምትቆይ ፍሰቱ በጊዜ አይቀንስም፤ ስለዚህ ሁለት ፎሊክል አብሮ ሊያሸንፍ ይችላል፤ መንታ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ማህፀን ውስጥም ያንኑ ቦታ ይይዛል። ፅንሱ የሚያርፍበት የማህፀን ሽፋን ለመወፈር ኢስትሮጅን ያስፈልገዋል፤ ክሎሚፊን አንዳንዴ ሽፋኑን ያሳሳዋል። እንቁላል ተለቅቆ ፅንስ ግን የማይያዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ሁለተኛው መንገድ ውሃውን ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው። ሌትሮዞል የሚሠራው እንዲህ ነው። የሴት ሰውነት ኢስትሮጅንን የሚሠራው ከአንድሮጅን ነው፤ ቀያሪው አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሌትሮዞል አሮማቴዝን ያስቆማል። ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ ኳሷ ትወርዳለች፣ ኤፍኤስኤች ይጨምራል።

አሁን ወደ ካንሰሩ እንመለስ። ብዙ ዓይነት የጡት ካንሰር ኢስትሮጅንን እየተመገበ ያድጋል። ኢስትሮጅንን የሚቀንስ መድኃኒት ካንሰሩን ያስርበዋል። ሌትሮዞል እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለዚህ ነበር። ታካሚዋ ለዓመታት በየቀኑ ትወስደዋለች። ለፅንስ ሲታዘዝ ግን በወር አበባው መጀመሪያ አካባቢ ለ5 ቀን ብቻ ነው። ሚትዋሊ እና ካስፐር የተባሉ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን አሳዩ። ኪኒኑ አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ ነው፤ ኢስትሮጅንን መቀነስ። የተለየው የሚወሰድበት ጊዜና ዓላማው ነው።

ወረቀቷ ላይ ያለው «ነፍሰ ጡር አትውሰደው» የሚለውስ? እውነት ነው፤ መከበርም አለበት። ለዚህ ነው ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት እርግዝና አለመኖሩ የሚረጋገጠው። ሌትሮዞል በደም ውስጥ ያለው መጠን በሁለት ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አምስተኛው ኪኒን ከተዋጠ በኋላ እንቁላሉ እስኪለቀቅና ፅንሱ ማህፀን ላይ እስኪያርፍ ድረስ አብዛኛው ተጠርጎ ይወጣል። ኳሷም ነፃ ትሆናለች፤ ኢስትሮጅን ሲጨምር ፍሰቱን በጊዜ ትቀንሳለች፤ አብዛኛውን ጊዜም አሸናፊው አንድ ብቻ ይሆናል።

ሌትሮዞል ሕፃናት ላይ ጉዳት ያደርስ ይሆን የሚል ስጋት ተነስቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የካናዳ ጥናት በሌትሮዞል ወይም በክሎሚፊን ርዳታ የተፀነሱ 911 ሕፃናትን አይቶ፣ በሌትሮዞል በኩል የተፈጥሮ ጉድለት ከክሎሚፊኑ በልጦ አላገኘም።

ሜትፎርሚን የት ይገባል?

ሜትፎርሚንን የምታውቁት በስኳር ሕመም ይሆናል። ፒሲኦኤስ ካለባቸው ብዙዎች ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም። ቆሽት ይህን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን አንድሮጅን አብዝተሽ አምርቺ ብሎ ይገፋፋዋል። ሜትፎርሚን የሚነካው ይህን ሰንሰለት ነው። ሮቶውን ሳይሆን፣ ወደ ሮቶው የሚመጣውን መስመር ያስተካክላል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ብቻውን ለፅንስ ያለው አቅምም ያነሰ ነው።

ሆድ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የተለመዱ ጠባዮቹ ናቸው። ከትንሽ መጠን ተጀምሮ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትቆይ ሴት የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሌላም ነገር አለ፤ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ማለትም በጾም ከማይበሉት። ረጅሙን ጾም የምትጾም ሴት ይህን ለሐኪሟ ብትነግር መልካም ነው። ፅንስ ከተያዘ በኋላ ሜትፎርሚን ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውም የሐኪም ውሳኔ ነው።

ሲወዳደሩስ?

ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ጥናት 626 ሴቶች እስከ ስድስት ወር ታክመው ነበር። ከ100 ሴቶች ልጅ የታቀፉት ክሎሚፊን ከወሰዱት 22.5፣ ሜትፎርሚን ብቻ ከወሰዱት 7.2፣ ሁለቱንም ከወሰዱት 26.8 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደግሞ 750 ሴቶች እስከ አምስት ዙር ታከሙ። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሌትሮዞልን ያስቀደመው እንዲህ ባሉ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ቁጥሮቹን እንዳሉ ላስታ ላይ መገልበጥ ግን አይቻልም። በጥናቶቹ ከተሳተፉት ሴቶች አብዛኞቹ የሰውነት ክብደታቸው ከፍ ያለ ነበር። ዳገት ወጥታ ውሃ የምትቀዳ ቀጭን የደጋ ሴት ሰውነቷ ሌላ ነው። «ክብደት ቀንሺ» የሚለው ምክርም ለሁሉ አይሠራም፤ ቀጭን ሆነውም ፒሲኦኤስ ያለባቸው አሉ።

ኪኒኑ ልጅ አይሰጥም፤ ሙከራ ይጨምራል

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እንቁላል በተለቀቀበት ወር የመፀነስ ዕድል ከአምስት አንድ ነው ብለን እንነሳ። በዓመት 12 ጊዜ እንቁላል የምትለቅ ሴት በዓመቱ ውስጥ የመፀነስ ዕድሏ 93 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዓመት 3 ጊዜ ብቻ የምትለቅ ሴትስ? 49 በመቶ ገደማ። የእያንዳንዱ ወር ዕድል አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሙከራው ብዛት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ፒሲኦኤስ መካንነት አይደለም፤ መዘግየት ነው። ያለ መድኃኒት የሚወልዱም ብዙ ናቸው። ልጅ የማትፈልግ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት «እኔ አልፀንስም» ብላ መዘናጋት የለባትም። ሁለተኛው፣ አንድ ወር ኪኒን ወስዶ ስላልተፀነሰ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ጤናማ ጥንዶችም በአንድ ወር ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካላቸውም።

የራስን ዙር ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፤ ጳጉሜን ብቻ አትርሱ። የወር አበባ ከጀመረበት ቀን እስከሚቀጥለው መጀመሪያ ከ35 ቀን በላይ ከሆነ፣ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከመጣ፣ ዓመት ሙሉ ሳይጠብቁ መመርመር ይሻላል።

ከኪኒኑ በፊት

ፍሰቱ ቢስተካከል ቱቦው ከተዘጋ ዋጋ የለውም። እንቁላልና ዘር የሚገናኙበት ቱቦ በቆየ ኢንፌክሽን ወይም በቲቢ ሊዘጋ ይችላል፤ ታሪኳ ይህን የሚያጠራጥር ሴት ቱቦዋ መታየት አለበት። ባልም ይመርመር። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ ሕመምም የለውም። ባል ሳይመረመር ሚስት ለወራት ኪኒን የምትውጥበት፣ ብሎም «አትወልድም» ተብላ ትዳሯ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች በብዙዎቹ ዘንድ የባልም ድርሻ አለበት።

የሚቆሙ መድኃኒቶችም አሉ። ለፀጉርና ለብጉር የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ፅንስን ዕድገት ሊያውክ ስለሚችል ከፅንስ ሙከራ በፊት ይቆማል። ዙር ለማስተካከል የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ ኪኒንም እንዲሁ ይቆማል፤ እሱ ግን ማህፀን አያደርቅም፤ ይህ ወሬ ነው።

የሚጀመር ደግሞ አለ፤ ፎሊክ አሲድ። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ ከመፀነስ አንድ ወር በፊት ጀምሮ። የፅንሱ የአከርካሪ ቦይ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ አብዛኛዋ ሴት መፀነሷን ሳታውቅ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጉድለት በብዛት ስለሚታይ ነገሩ ለእኛ ይበልጥ አሳሳቢ ነው።

ክሎሚፊንን ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ግን አደጋ አለው። ዓይን ብዥ ካለ ወይም ብልጭ ብልጭ ካለ ቆሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። መንታ እርግዝና ደስታ ቢሆንም ያለጊዜው ምጥና ብዙ ደም መፍሰስ ያስከትላል፤ ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት ደጋ ላይ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጸበሉና ኪኒኑ

ላሊበላ የምታውቁ ከሆነ በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ያለውን ገንዳ ታስታውሱታላችሁ። በገና በዓል ልጅ የሚሹ ሴቶች ይጠመቁበታል። ይህ እምነት ነው፤ ሳይንስ ሊሽረውም ሊተካውም አይነሳም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ጸበል የገባች ሴት ኪኒኗን ታቁም ወይ? አታቁም። ይህ ጥያቄ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜም ተነስቶ ነበር፤ ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። የአምስት ቀኑ ኪኒን አምስቱን ቀን ይፈልጋል። የባህል መድኃኒት የምትወስድም ለሐኪሟ ትንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ነው።

ከኩልመስክ ተነሥቶ መንገዱ ደረጃ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያ መነሻ ነው፤ አልትራሳውንድና የማህፀን ሐኪም ሆስፒታል ላይ ይገኛል። ኪኒኖቹ ካልሠሩ የሆርሞን መርፌ አለ፤ ከዚያም እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ ማገናኘት። ይህን የመጨረሻውን በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2011 ዓ.ም. የጀመረው አዲስ አበባ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ብዙዎች ግን እዚያ ሳይደርሱ በኪኒኑ ይወልዳሉ።

የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው የመረመራት ሐኪም ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ሌላ ነው። እህታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት አንብቡልኝ ብትላችሁ፣ የተጻፈውን አንብባችሁ ብቻ አትተዉ። ለስንት ቀን እንደታዘዘላትና እርግዝና አለመኖሩ መረጋገጡን ጠይቋት። ከዚያ ስለ ሮቶው ኳስ ንገሯት።